የፍሬሰንበት ታኮ

ሽማግሌውን አምጥተው ያስቀመጧቸው ባለ መኪናው ሀጂ ዓብዲረዛቅ ናቸው። «የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ በእኛ አገር ነውር ነው» አሉና፣ ከአልጋው ግርጌ ወንበር አስጠግተው ሰውዬውን እዚያ ትተው ሄዱ። የምስራች እጅ ነሥታ አመሰገነቻቸው። አይፈረድባትም። ባሏ እግሩ ተጨፍልቆ ለተኛባት፣ ቀኑን ሙሉ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ለምትውል ሴት፣ አስታማሚ በነጻ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ሽማግሌው ጺማቸውን በሂና አቅልተዋል። በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ መቁጠሪያቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ሲገቡ በሶማሊኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ ይላሉ። ስማቸውን የነገራት ሰው የለም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ «ዝምተኛው» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በአማርኛ ስለሆነ ፊታቸው ላይ ሆነውም ይጠሯቸው ነበር። «ዝምተኛው ዛሬ ካልሲ ቀይረዋል» ይላል ፍሬሰንበት። የምስራች አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች።

ሀርጌሳ ላይ አማርኛ ማለት እንደዚያ ነው። ሐበሻው ሁሉ እንደ ግል ጓዳው ይቆጥረዋል። ገበያ መሃል ቆሞ ነጋዴውን ያማል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪውን ይቦጭቃል፣ አሠሪው ፊት እየሳቀ አሠሪውን ይረግማል። ስንቱ በዚህ ጓዳ አንጀቱን አርሷል! ጓዳው በር እንዳለው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ፍሬሰንበት የሀጂ ዓብዲረዛቅ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከበርበራ ወደብ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ስኳርና ሩዝ ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ሾፌሩ አያንሌ መሪው ላይ፣ እሱ ጎኑ። በአንድ ሳህን ይበላሉ፣ በአንድ ምንጣፍ ከመኪናው ሥር ይተኛሉ። አያንሌ አማርኛውን የለመደው ከእሱ ነው፤ መጀመሪያ ስድቡን፣ ቀጥሎ ዘፈኑን፣ በመጨረሻ ሰላምታውን። የረዳት ሥራ ደግሞ፣ ሌላው ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ ታኮ ነው። መኪና ተዳፋት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚወሽቀው ረዳቱ ነው። ድንጋዩን ሲያወጣም የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደጋግሞ መትቶ «ሂድ!» ይላል። ይህ ሳይባል ሾፌር ፍሬን አይለቅም። በመንገዱ ላይ የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት፣ ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው።

ያን ቀን አያንሌ ስልክ ያወራ ነበር። የሀጂ መጋዘን ግቢ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ፍሬሰንበት ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሲስብ፣ አንድ መዳፍ መኪናው ጎን ላይ ሳያርፍ፣ «ሂድ» ሳይባል፣ መኪናው ወደ ኋላ መጣ። ቀኝ እግሩ በጎማውና በግንቡ መካከል ቀረ።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰባቸውም። ቁስሉ አመርቅዟል። ያን የደቀቀ አጥንት የሚገጥም ባለሙያ እዚህ የለም። በቶሎ፣ ተኝቶ፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ከደረሰ እግሩ ይተርፋል፤ ካልደረሰ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል። የምስራች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላትም። ስታጥብም እግሩ ነው፣ ስትጠርግም እግሩ ነው። እግር የሌለው ረዳት ማን ይቀጥራል? እግር የሌለውን ሰው ይዛስ በየትኛው መንገድ አገሯ ትገባለች?

ሀጂ ዓብዲረዛቅ ከሰዓት ከሰዓት ብቅ ይላሉ። የግመል ወተት በእጃቸው፣ ሐብሐብ በብብታቸው። እራሳቸው ቢላዋ ይዘው ሐብሐቡን እየቆረጡ ስለ እንቅልፉ ይጠይቁታል፣ ስለ ምግቡ ይጠይቁታል፣ ስለ እናቱ ይጠይቁታል። ስለ እግሩ አይጠይቁትም። የምስራች አዲስ አበባን ስታነሣ «ኢንሻአላህ» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ፍሬውን በቢላዋው ጫፍ እየለቀሙ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ጊዜው አላለፈበትም አይደል?» አሏት።

«አላለፈም» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ትልቁን ቁራጭ ሰጧት። ሳትቀምሰው ለባሏ አሳለፈችው።

ነገሩን ለአሠሪዋ ለሻምሶ የነገረቻት በማግሥቱ ነው። ሻምሶ ቀጥተኛ ሴት ናት፤ የምታስበውን ለማወቅ መጠበቅ አያስፈልግም። «ወተት ይዞ የሚመጣ ባለ ዕዳ የፈራ ነው» አለች። «ሄደሽ ጠበቃ ያዢ። ወገን ለሌለው ሰው ወገኑ ጠበቃው ነው። አማርኛ የምትችል አውቃለሁ፤ ድሬዳዋ ነው ያደገችው።»

የጠበቃዋ ስም ሮዳ ነው። ቢሮዋ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ሐዋላ ቤት ፎቅ ላይ፣ ጠባብና ሞቃት። «ግቢ አቦ፣ ግቢ እህቴ!» ብላ ስትጣራ የምስራች እንባዋ መጣ። የድሬዳዋ አማርኛ ለካ እንዲህ ይናፍቃል። ተቀመጠችና ከመዳፍና ከ«ሂድ» ጀምራ እስከ ሐብሐቡ ድረስ ነገረቻት።

ሮዳ ሰምታ ስትጨርስ «አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ሰው ጠበቃ ሲይዝ ይጠይቃል እኮ። ዝም ብለሽ እጄ ላይ ልትወድቂ ነው?»

የምስራች አንገቷን ደፍታ አሰበች። ከዚያ የፈራችውን ጥያቄ አወጣችው። «የእነሱ ሰው ነሽ? የሀጂ ጎሳ?»

ሮዳ ከልቧ ሳቀች። «ጎበዝ! እንኳን አንቺ፣ የተማሩት ይህን አይጠይቁኝም። አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ደግሞ ነግሬሽ ወደ ሌላ ሰው እልክሽ ነበር። የድካሜን የምትከፍይኝ ከተፈረደልሽ በኋላ ነው፤ ካልተፈረደልሽ ዱዓ አድርጊልኝ።» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ሕጉ ራሱ አይከብድም። በቸልተኝነት ሰውን የጎዳ ይክሳል። ሾፌሩ በሥራ ላይ ሆኖ ከጎዳ ደግሞ ዕዳው ላሠማራው ለባለ መኪናው ይተርፋል። ማን አየ?»

«የመጋዘኑ ጫኞች።»

«የማን ሠራተኞች ናቸው?»

«የሀጂ።»

«እንግዲያው አላዩም።» ሮዳ ይህን ያለችው ያለ ምንም ቁጣ ነው። «ሾፌሩ ራሱ ቢያምን ነበር ጥሩ። የት ነው ያለው?»

«በርበራ ነው ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ባሌን ከእግሩ ይልቅ ያመመው እሱ ነው።»

ሮዳ ራሷን ነቀነቀች። እዚህ አገር፣ አለች፣ ሰው ሰውን ሲጎዳ ከፍርድ ቤት በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እነሱ ምንጣፉን ሞልተው ይቀመጣሉ፤ በአንቺ በኩል ግን ማን አለ? ስለዚህ ከምንጣፉ በፊት እኛ ፍርድ ቤት እንቀድማለን። ክሱ ሲገባ መኪናው እንዲታገድ እጠይቃለሁ። መኪናው ከቆመ የሚቸኩሉት ሀጂ ናቸው፤ ያኔ የአውሮፕላኑን ቲኬት ራሳቸው ይዘውልሽ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ፍሬሰንበት በገዛ እጁ ውክልና መስጠት አለበት።

«ነገ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ውክልና ጸሐፊውን ይዤ ሆስፒታል እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይፈርም። ጣቱን ቀለም እንዳታስነኩት። ከሁሉ በላይ ግን አፉን ይጠብቅ። ሳማሕ እንዳይል።»

«ይቅር ብያለሁ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሁለት ሰዎች እየሰሙት ካለ ነገሩ አለቀ። ካሳውንም አብሮ ይቅር እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ሰሚዎቹ ዳኛ ፊት ቀርበው ይምላሉ፤ እኔም ፋይሌን ዘግቼ እሄዳለሁ።»

«በአፍ ብቻ?»

«ወረቀት እንኳ ይቀደዳል፣ እህቴ። እናንተስ ካፍ ከወጣ አፋፍ ትሉ የለ?»

የምስራች ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ወደ ሆስፒታሉ ስትመለስ ነው የገባት። ነፋሱ ሻሿን እየገፈፈ፣ ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ በጆሮዋ መጣ። አስታማሚ! የታለ ታዲያ ውኃ ሲያቀብል ያየችው? የታለ ትራስ ሲያስተካክል? ሽማግሌው የተቀመጡት ለማስታመም አይደለም። የተቀመጡት ለመስማት ነው። አንዲት ቃል እስክትወጣ ድረስ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አፍ አፉን ሲያዩ ነው የከረሙት።

ላስወጣቸው ይሆን? ብላ አሰበች። በምን ሥልጣኗ? ክፍሉን የሚከፍሉት ሀጂ ናቸው። ፍሬሰንበትስ ቢሆን የአባት እኩያ ከወንበሩ ሲነሣ ዝም ብሎ ያያል? ደግሞ ቢወጡ ይነቃሉ። ይቀመጡ። እሷ ጓዳዋ አለላት። በአማርኛ ትነግረዋለች፣ ፈገግ እያለች፣ ስለ ወጥ የምታወራ መስላ።

እንዳሰበችው አደረገች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ዘቅዝቃ አልጋው ላይ አርፋለች። የምስራች ምሳ ዕቃውን ከፈተችና እንጀራውን እየጠቀለለች፣ ፊቷን ብሩህ አድርጋ ጀመረች።

«ፍሬ፣ የምነግርህን ስማ፤ እያኘክ ስማ። ጠበቃ ይዣለሁ።»

ቀጭ ቀጭታው ቆመ። የምስራች በጎን አየቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። አንቀላፍተዋል፣ አለች በልቧ፤ እፎይም አለች።

ሁሉንም ነገረችው። ሮዳን፣ ክሱን፣ የሚታገደውን መኪና፣ አዲስ አበባን። ነገ ከዙሁር በኋላ እንደምትመጣ። «እስከዚያ ምንም አትፈርም። ዝምተኛው የተቀመጡት ቃልህን ሊሰሙ ነው። ሳማሕ የሚል ነገር ካፍህ እንዳይወጣ። በእናትህ!»

«ማን ሊል!» አለ ፍሬሰንበት። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ብርሃን ፊቱ ላይ አላየችም። «እግሬን ጨፍልቆ ለጠፋ ሰው ሳማሕ? አልልም።»

«አያንሌ ራሱ መጥቶ ቢለምንህስ?»

ጉርሻውን አላመጠ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ በአንድ በኩል ከንፈሩን አጣሞ፣ «አልልም አልኩሽ እኮ» አለ። «እንደ አባቴ አገር ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ካልመጣ በቀር። ድንጋይ የተሸከመን ሰውማ አባቴ ደጃፋቸው ላይ አቁመው አያውቁም። ጋይንት ውስጥ ደም ያለበትን ሰው ሳይቀር ‹አውርድ› ብለው ነው የሚያስገቡት። ‹ድንጋይ የያዘን ሰው እንቢ ካልክ ድንጋዩ ወዳንተ ይዞራል› ይሉ ነበር።»

«አያንሌ ደግሞ ድንጋይ! ሆዱን መሸከም አቅቶት!»

ሳቁ። ፍሬሰንበት እስኪያመው ሳቀ፣ እግሩን ይዞ እያቃሰተ ሳቀ። የምስራችም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ከልባቸው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተሰናበቱ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቀደም ብለው ነው የሄዱት።

በማግሥቱ የምስራች ሻምሶን አስፈቅዳ ረፋዱ ላይ ወጣች። የሆስፒታሉን ደረጃ ስትወጣ ደስ የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ነበር፤ ዙሁር ሩቅ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ሰው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ቆሟል። አስታማሚዎቹ፣ ነርሶቹ፣ ክራንች የያዙትም ጭምር፣ አንድ ነገር ያልፍ ይመስል መሃሉን ለቀዋል። ያኔ ደስታዋ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ።

ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ የሀጂ ዓብዲረዛቅን ጀርባ አየች። ከጎናቸው መነጽር ያደረገ፣ የማታውቀው ጎልማሳ ቆሟል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ናቸው። በእነሱና በአልጋው መካከል አያንሌ አለ። ጫማ አላደረገም። ወገቡ ጎብጧል። አንገቱ ላይ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ድንጋይ ተሸክሟል።

ታኮው ነበር። የምስራች እንኳ አወቀችው፤ አንድ ጎኑ በጎማ ጠቁሮ፣ አንድ ጎኑ በፍሬሰንበት እጅ ለስልሶ፣ መኪናው ደጃፋቸው በቆመ ቁጥር የምታየው ያ ድንጋይ።

«ፍሬ ወንድሜ» አለ አያንሌ በአማርኛ። «በድያለሁ። ስልክ ይዤ ነበር። መዳፍህን አልጠበቅኩም። ስለ እግዚአብሔር፣ ይቅር በለኝ።»

እንባው ድንጋዩን በያዘው ክንዱ ላይ ይወርዳል። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የላኩት ሰዎች ምን እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ፤ አያንሌ ግን ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው።

«ፍሬ!» አለች የምስራች ከበሩ። «ፍሬ ዝም በል! አፍህን ያዝ!»

ፍሬሰንበት ሰማት። አየትም አደረጋት። ነገር ግን ድንጋዩ የአያንሌን ማጅራት ሲጫነው፣ የገዛ ጓደኛው ደጃፉ ላይ ጎብጦ ሲቆም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ነገር ሁሉ ቀደመው። ሐሳብ አልነበረም። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» እንደሚባለው ነው። ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አውርደው» አለ። «አውርደው ወንድሜ፤ አትሸከም። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ድንጋዩ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። አያንሌ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ የደህናውን እግር ጣቶች ይስም ጀመር።

የምስራች ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ግን ተስፋ እንዲህ በአንዴ አይሞትም። ሳማሕ አላለም! በሶማሊኛ አንዲት ቃል አልወጣችውም። ሀጂ አማርኛ አያውቁም፤ ይኸው አሁንም ግራ እንደ ገባው ሰው ዞር ብለው ሽማግሌውን ያያሉ። አልሰሙም። ያልሰሙትን ደግሞ አይምሉበትም። ዙሁር እስኪደርስ ብቻ፣ አምላኬ፣ ዙሁር እስኪደርስ።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። ተነሡ። ለሀጂ በሶማሊኛ፣ በአጭሩ፣ «ሳማሕ ብሏል» አሏቸው። መነጽር ያደረገውም ሰው ራሱን ነቀነቀና፣ «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። በአማርኛ ነው ያለው።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ ቀኛቸውን ፍሬሰንበት ግንባር ላይ አኖሩ። አማርኛቸው አንድም ቦታ አይሰናከልም፤ የናዝሬት ነጋዴ አማርኛ ነው፤ ለስላሳ፣ የተጨዋች።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉት። «የአባትህ ልጅ ነህ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምስራች ያን ሰው በልቧም ሆነ በአፏ አንቱ ስትለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ብላው አታውቅም። በአጠገቧ አልፎ ሲወጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። እሷም፣ ልማድ ሆኖባት፣ ራሷን ዝቅ አደረገች። ለዚህ ነው ራሷን እስካሁን የምትረግመው።

ሮዳ ሶላቷን ሰግዳ፣ ውክልና ጸሐፊውን አስከትላ፣ እየተጣደፈች ስትገባ ድንጋዩ አሁንም ከወለሉ መሃል ነበር። ፈገግታዋ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ድሬዳዋ ያደገች ልጅ ናት፤ ሊያስረዷት አላስፈለገም።

«በምን ቋንቋ?» አለች ወዲያው።

«በአማርኛ» አለች የምስራች።

ሮዳ ትንፋሿን ለቀቀች። «ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? አልገባቸውም እንላለን...»

«ሽማግሌው ያውቃል። ያ ጺሙ ቀይ። አማርኛ ያውቃል። እዚህ ተቀምጦ... ያወራነውን ሁሉ...» ቀሪውን አልጨረሰችውም።

«ኤልሚ!» ሮዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያ ኤልሚ ነው። ናዝሬት ሱቅ ነበረው፣ እዚያ ነው የወለደው። ስሙን ነግረሽኝ ቢሆን...»

«ስሙን አላውቅም ነበር። ዝምተኛው ነበር የምንለው።»

በመስኮቱ በኩል የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። የምስራች ድንገት ብድግ አለች። «ግን አምኗል እኮ! አያንሌ! ስልክ ይዤ ነበር ብሏል፣ በድያለሁ ብሏል፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። ቢያምን ጥሩ ነበር ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬሻለሁ» አለች ሮዳ። ድምጿ ደክሟል። «ትናንት ቢሆን ጥሩ ነበር። ዛሬ ግን ማመኑ ለእነሱ ነው የሚጠቅመው። አምኖ ለመነ፣ ተለምኖ ይቅር አለው። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ሳማሕ የለም። እከራከራለሁ፣ አልተውሽም። ክርክሩ ግን ወራት ነው።» አንሶላው ሥር ወዳበጠው እግር አየች።

ፍሬሰንበት እስከዚያ ጣሪያውን ሲያይ ነበር። «ምን ልበለው ታዲያ?» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ፣ ምን ልበለው?»

የምስራች ልትጮኽበት ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ ነርሷ ገባች፤ ሀጂ ክፍሉን ከነገ ጀምሮ እንደማይከፍሉ ነገረቻቸውና ድንጋዩን አሳይታ «ይህ የማን ነው? አውጡልን» አለች።

«የእኔ ነው» አለ ፍሬሰንበት።

ከነርሷ ኋላ ሐኪሙ ነበር። ማታውን ትኩሳቱ እንደ ጨመረ፣ ጥቁረቱም ወደ ጉልበቱ እየወጣ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚህ በላይ መጠበቅ ለሕይወቱም እንደሚያሰጋ ነገራቸው። አዲስ አበባን ዳግመኛ አላነሣትም። እግሩ እንዲቆረጥ የሚፈቅድበትን ወረቀት አልጋው ላይ አስቀመጠ።

ፍሬሰንበት ወረቀቱን አየና ሚስቱን አያት። «ምንም አትፈርም ብለሽኝ ነበር» አለ።

ሮዳ ወረቀቱን አንሥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ደንበኛዋ ነውና ሥራዋን ሠራች። ከዚያ መልሳ ደረቱ ላይ አኖረችለት።

«ይሄ ይፈረማል፣ ወንድሜ» አለች።

ውክልና ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አቀበለው። ፍሬሰንበት በዚያው እስክሪብቶ ፈረመ።